«ባዶ ነው» ተብሎ የታመነው ክላሽ፦ በአባይ በረሃ ወርቅ ፍለጋ ላይ የደረሰ አደጋ የጉዳይ ጥናት

ከወምበርማ ወይና ደጋ ተነስተው ወደ አባይ ሸለቆ ወርቅ ፍለጋ ከወረዱ አምስት ሰዎች መካከል አንዱ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከገዛ ጓደኛው መሣሪያ በወጣ ጥይት እግሩን ተመታ። ጠብ አልነበረም። ሽፍታ አልመጣባቸውም፤ አረቄ የቀመሰም አልነበረም። መሣሪያው የተመዘገበ ነው፤ ባለቤቱም ከልጅነቱ ጀምሮ ጠመንጃ እያነገተ ያደገ ሰው ነው። ስለ ጥይት አደጋ በሰማን ቁጥር ጥፋቱን ለሰካራም፣ ለልጅ ወይም ለጠበኛ ሰጥተን እናልፋለን። እዚህ ጥፋቱን የምንሰጠው እንዲህ ያለ ሰው የለም። ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሮ መጻፍ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ከቡድኑ አባላት ጋር ለየብቻ ተነጋግሬያለሁ፤ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ግን አልጠቅስም። ጊዜው የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ከወጣ በኋላ፣ የ2015 ክረምት ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ነው። ያ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ ዛሬ በጎጃም መሣሪያ አንግቶ በረሃ መውረድ ከዚህ ጽሑፍ ስፋት የሚያልፍ ሌላ ጣጣ አለው።

ለምን እዚያ ድረስ ወረዱ?

የጎጃም ደጋ ባብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል፤ ወርቅ የሚያዝለው ዕድሜ ጠገቡ አለት ደግሞ ከሁሉም ሥር ነው። አባይ ያንን ሁሉ ንጣፍ እየቆረጠ ስለወረደ፣ በተለይ ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር፣ አሮጌው አለት በሸለቆው ወለልና በገባሮቹ አፍ ላይ ተገልጦ ይታያል። ስለዚህ ወርቅ ፈላጊ ደጋ ላይ ቢቆፍር የሚያገኘው የለም። መውረድ አለበት። ወደታች በወረደ መጠን ሙቀቱ ይጨምራል፣ ወባው ይበረታል፣ መንደር ይሳሳል፣ የስልክ መስመር ይጠፋል። የመሣሪያው ጥያቄ የሚነሳውም ከዚህ ነው፤ ወርቁ ያለበት ቦታና ሰው የሌለበት ቦታ አንድ ሆኖ ስለተገኘ።

አምስቱ ሰዎች የወረዱት ወንዞቹ ከክረምት ሙላት ጎድለው ዳርና ዳሩ አሸዋ ሲወጣ ነው። አንድ አህያ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ሁለት የእንጨት ገበቴ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ጨው ይዘዋል። ሐሳባቸው ጥቁር አሸዋ ያለበትን ቦታ አጥበው መሞከር፣ ቀለም (የወርቅ ብናኝ) ካዩ ተመልሰው በማኅበር መደራጀትና የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ መጠየቅ ነበር። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ይህን ፈቃድ የሚያገኙት ኢትዮጵያውያን ብቻ ናቸው፤ የሚሰጠውም በክልሉ ነው። ወርቅ ቢገኝ ሕጋዊው መንገድ ለብሔራዊ ባንክ በሚገዙ ማዕከላት በኩል መሸጥ መሆኑንም ያውቁ ነበር። ከመውረዳቸው በፊት ለቀበሌው ሊቀ መንበር በቃል አስታውቀዋል። ይህ አንዱ ትክክለኛ እርምጃቸው ነበር፤ በኋላ ጠቅሟቸዋል።

መሣሪያዎቹ

ሁለት ይዘው ነበር። አንዱ አሮጌ ምንሽር ነው፤ ጥይቱ ከባለቤቱ አባት የቆየ፣ ከፊሉም የዛገ። ስለእሱ ብዙ አልልም፤ ባይይዙት ይሻል ነበር፤ አስተማማኝ ያልሆነ ጥይት ለባለቤቱም ለሌላውም መከራ ነው።

ሁለተኛው ክላሽ ነው። ባለቤቱ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ገበሬ ሲሆን ምዝገባው በስሙ ነው። የያዘበትን ምክንያት ስጠይቀው ሦስት ነገር አለኝ፤ አውሬ፣ ዘራፊ፣ ደግሞም «ወንድ ባዶ እጁን በረሃ አይወርድም» የሚለው ነገር። ሦስቱንም በቅን ልቦና ነው የነገረኝ። ይሁንና ሁለተኛው ምክንያት ላይ አልስማማም። በፍለጋ ወቅት ገና ወርቅ የለም። በቡድኑ ውስጥ ዘራፊ የሚመኘው ውድ ነገር ቢኖር ራሱ ክላሹ ነው፤ የብዙ ወር ወርቅ ማጠብ ክላሽ አይገዛም። ሳይጠበቅ የተያዘ፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚታይ መሣሪያ ጠላትን ከማባረር ይልቅ የሚጠራበት ጊዜ አለ። ስለ አውሬው ደግሞ እሳትና ባትሪ ሥራውን ይሠሩታል። መሣሪያ መያዙ ስሕተት ነበር ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲህ ባለ አገር ፈቃድ ያለው አንድ ሰው አንድ መሣሪያ ቢይዝ ምክንያቱ ይገባኛል። ምክንያቱ ተመዝኖ መያዝ አለበት ነው የምለው፤ እነሱ ግን አልመዘኑትም፤ ልማድ ነው ያስያዛቸው።

ከቡድኑ አንዱ፣ በዕድሜ ትልቁ፣ ቀድሞ ወታደር የነበረ ሰው ነው። ሌሎቹ «አያ» እያሉ ይጠሩታል። ስለ መሣሪያ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን ያዙልኝ።

በመንገዱ ላይም ሁለት ነገር ታይቶ ነበር። ባለቤቱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ክላሹን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እንደ ዱላ ሁለት ክንዱን አንጠልጥሎበት ነበር የሚሄደው። ቀጭን መንገድ ላይ በሰልፍ ሲኬድ እንዲህ የተያዘ መሣሪያ ሰውየው ዞሮ ባወራ ቁጥር አፈሙዙ የኋለኛውን ፊት ይጠርጋል። አያ አይቶ ዝም አለ። ወንዝ ሲሻገሩ ደግሞ ሰደፉን እንደ ምርኩዝ ተጠቅሞበታል፤ አሸዋ ገባበት። ያ አሸዋ ነው በሦስተኛው ቀን መሣሪያውን ለመወልወል ያስነሳው።

የሌሊቱ ርክክብ

በሁለተኛው ሌሊት ሦስት ሰዎች ተራ ገቡ። የመጀመሪያውን ተራ የያዘው ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው፤ ሁለተኛውን አያ፣ ሦስተኛውን የክላሹ ባለቤት። ሲመሽ ባለቤቱ መሣሪያውን ለወጣቱ ሲሰጠው ካዝናው (የጥይት መያዣው) የተሰካ፣ ማጉረሻው (ሊተኮስ የተዘጋጀው ጥይት የሚገባበት የቧንቧው ጫፍ) ግን ባዶ ነበር። ይህን ባለቤቱ ራሱ አድርጎታል፤ እርግጠኛ ነው፤ ልክም ነው።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ አህያው ተደናገጠ። ወጣቱ በጨለማ ውስጥ ሁለት ዓይን አየ። መቆለፊያውን (ቃታው እንዳይሳብ የሚይዘውን) አወረደ፤ ማቀባበያውን ስቦ አቀባበለ፤ አንድ ጥይትም ማጉረሻው ውስጥ ገባ። ጅቡ የብረቱን ድምፅ ሰምቶ ይሁን ወጣቱ በጮኸው ጩኸት፣ ብቻ ሄደ። ልጁ አልተኮሰም። እዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም በጨለማ በደንብ ባላየው ነገር ላይ አለመተኮሱ ያስመሰግነዋል። ከዚያ መቆለፊያውን ወደ ላይ መለሰው። ጥይቱን ግን አላወጣም። እንዴት እንደሚወጣ አልተማረም፤ አያን ቀስቅሶ መጠየቅ አፈረ።

ስድስት ሰዓት ላይ አያን ቀሰቀሰ። ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «አያ፣ ጅብ ነበር፤ ሄዷል።» አያም ክላሹን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አኖረው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቀባበያውን አልነካውም።

ለምን እንዳልፈተሸው ጠየቅሁት። መልሱን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «በሠራዊት ቢሆን ሳላይ አልረከብም ነበር። ይኼ ግን የሰው ጠመንጃ ነው፤ ባለቤቱ እዚያው ተኝቷል። የሰው ጠመንጃ ከፍቶ ማየት እንደመጠርጠር ነው። ደግሞ ባዶ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ፈሪ ያስብላል።»

የዚህ ጥናት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ዕውቀቱ በቡድኑ ውስጥ ነበር። የሰለጠነ ሰው መሣሪያውን ሦስት ሰዓት ሙሉ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር። ያሸነፈው ይሉኝታ ነው። በእኛ ዘንድ የሰው መሣሪያ የሰው ክብር ነው፤ ክብሩን እንጂ ሁኔታውን አንጠይቅም። መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው እሱ ራሱ የተወውን እንጂ ሌላው ያደረገውን አይደለም። ባለቤቱ በአእምሮው የያዘው የምሽቱን ክላሽ ነው፤ በእጁ የገባው ግን የሌሊቱ ነው።

ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ክላሽ ጥይት መጉረሱን የሚያሳይ ምልክት የለውም። ካዝናው እንደተሰካ ነው፤ መቆለፊያው እንደወጣ ነው፤ ክብደቱም በአንድ ጥይት አይለወጥም። ከፍቶ ከማየት በቀር ሌላ ማወቂያ የለም።

ጠዋት

ፀሐይ ስትወጣ ባለቤቱ አሸዋውን ሊጠርግ ተቀመጠ። ካዝናውን ነቀለ፤ ጎኑ አስቀመጠው። መቆለፊያውን አወረደ። ማቀባበያውን አልጎተተም። እንደ ልማዱ ቃታውን ሳበ።

ጥይቱ ስምንት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ገበቴ ሲያጥብ የነበረውን የቡድኑን ታናሽ የቀኝ እግሩን ባት በስቶ ወጣ። መጀመሪያ የገበቴውን ጠርዝ ሰንጥቆ ነበር።

«ካዝናው ከወጣ ባዶ ነው» የሚለው እምነት በጣም የተስፋፋ ነው፤ ብዙ ባለመሣሪያዎች ሲሉት ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ካዝናው ቢነቀልም የጎረሰው ጥይት ማጉረሻው ውስጥ ይቀራል፤ ክላሽ ካዝና ባይኖረውም ያንን አንድ ጥይት ይተኩሳል። የተገላቢጦሹ ስሕተትም እኩል ይገድላል፦ ካዝናው ሳይነቀል ማቀባበያው ቢጎተት አንዱ ጥይት ይወጣና ሌላው ይጎርሳል፤ ሰውየው የወጣውን አይቶ «አወጣሁት» ብሎ ይዘናጋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፤ ካዝናው ይነቀላል፤ መቆለፊያው ይወርዳል፤ ማቀባበያው እስከ መጨረሻው ተጎትቶ ይያዛል፤ ማጉረሻው በዓይን ይታያል፤ ብርሃን ከሌለ በጣት ይዳሰሳል። መቆለፊያው ወደ ላይ እንደወጣ ማቀባበያውን እስከ መጨረሻ መጎተት ስለማይቻል፣ ፍተሻው መቆለፊያውን ማውረድን የግድ ይላል። ለዚህም ነው የአፈሙዙ አቅጣጫ ከሁሉም አስቀድሞ የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ ከዚህ ያለፈ ነገር የለውም፤ የሚወስደው ጊዜም ሁለት ሦስት ትንፋሽ ቢሆን ነው።

ልብ ይበሉ፤ ባለቤቱ ማቀባበያውን ረስቶም ቢሆን አፈሙዙን ወደ ወንዙ ማዶ ገደል አዙሮ ቢሆን ኖሮ ጥይቱ ድንጋይ ይመታ ነበር። አንዱ ጥንቃቄ ሲሳት ሌላው ይይዛል። የዚያን ቀን ሁለቱም ባንድነት ነው የተሳቱት።

ከተኩሱ በኋላ

አያ እዚህ ላይ ሥልጠናውን አስታወሰ። መጀመሪያ በነጠላ ቁስሉን በሁለት እጁ አጥብቆ ተጫነ። ደሙ አልቆም ሲል ከጉልበቱ በላይ በመቀነት አሰረ፣ በእንጨት ጠመዘዘ፣ ያሰረበትን ሰዓት በቃሉ ያዘ። ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ አልፈታውም። መሐል መንገድ ላይ «እግሩ እንዳይሞት ላላ እናድርገው» ያለ ነበር፤ አያ ከለከለ። ትክክል ነው፤ እያላሉ መልሶ ማሰር የቆመውን ደም እንደገና ይከፍተዋል።

የምንሽሩ ባለቤት ሰው ለመጥራት ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ማንም አልመጣም። ማዶ ማሽላ ይጠብቁ የነበሩ ገበሬዎች ተኩሱን ሲሰሙ ሽፍታ ነው ብለው ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ሸሹ። በበረሃው ተኩስ ማለት «ድረሱልኝ» አይደለም፤ ለሰሚው «ሽሽ» ወይም «ታጠቅ» ነው። ወደ ሰማይ የሄደው ጥይትም የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። የጮኸ ሰው፣ ነጭ ነጠላ ያውለበለበ ሰው ይሻል ነበር። በመጨረሻም ረዳት ያመጣው ይህ ነው፤ አንደኛው ባዶ እጁን፣ ነጠላውን ከፍ አድርጎ ማዶ ተሻግሮ ለመናቸው።

በሁለት እንጨትና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው አቀበቱን ወጡ። ስልክ የያዘላቸው ከጠርዙ ላይ ሲደርሱ ነው። ጤና ጣቢያም ገቡ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከ። አጥንት አልነካውም። ዛሬ ይሄዳል፤ ብርድ ሲሆን ያነክሳል።

በመንገድ ላይ የተነሳ ሐሳብ

አቀበቱን ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱ «ሽፍታ ተኮሰብን እንበል» አለ። ባለቤቱን ከእስር፣ ሁሉንም ከእፍረት ለማዳን ነው። ለጥቂት ጊዜ ተመካክረውበታል። የቆሰለው ልጅ ነው እምቢ ያለው፤ ያኔ በሕመም ውስጥ ሆኖ። ያንን ልጅ አከብረዋለሁ። ሽፍታ ተኮሰ ከተባለ ሚሊሻ ይወጣል፤ ሚሊሻ ከወጣ አንድ ሰው ይጠረጠራል፤ የሚጠረጠረውም ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። በዚያ ድንበር ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ስንት ሰው ሊያስበላ እንደሚችል የጎጃም ሰው ሊነገረው አያስፈልግም።

ለፖሊስ እውነቱን ተናገሩ። ቀበሌው ቀድሞ መውረዳቸውን ያውቅ ስለነበር ቃላቸው ተቀባይነት አገኘ። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 የሚያስጠይቅ ነው፤ ሳያስበው ነው መባሉ ከጥያቄ አያድንም። ፈቃዱ ለባለቤቱ በስሙ የተሰጠ መሆኑም ተነስቷል፤ በሌሊት ተራ ለሁለት ሌሎች ሰዎች መስጠቱን መርማሪው በዝርዝር ጠይቆታል። ባለቤቱም ሌሎቹም ይህን ከዚያ በፊት እንደ ጥያቄ አስበውት አያውቁም ነበር።

ሽምግልናው ለብቻው ተካሄደ። አባቶች የሁለቱን ቤተሰብ አቀራረቡ፤ ባለቤቱ የሕክምናውን ወጪ ቻለ፤ የመኸር እርሻውንም ልጁ እስኪድን ድረስ በሬውን ጠምዶ አረሰለት። ደም ሳይቃቡ ቀሩ። ልጁ ቢሞት ኖሮ ሳያስበው ነው የሚለው ቃል ያንን ቤተሰብ ያበርደው ነበር ብሎ የሚያምን ከመካከላቸው አላገኘሁም።

ምን ለወጡ?

በቀጣዩ ዓመት አራቱ እንደገና ወረዱ። ምንሽሩ ቤት ቀረ። ክላሹን ባለቤቱ ብቻ ነው የያዘው፤ ሌሊት ተራ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ባትሪና እሳት ይዞ ይጠብቃል፣ ክፉ ነገር ካየ ባለቤቱን ይቀሰቅሳል። ባለቤቱ ወደ ሰፈሩ ሲገባ አያ ፊት ካዝናውን ነቅሎ፣ ማቀባበያውን ጎትቶ ማጉረሻውን ያሳያል፤ አያም ጎንበስ ብሎ አይቶ «አየሁ፤ ባዶ ነው» ይላል። መጀመሪያ አሳፍሯቸው እንደነበር ሁለቱም ነግረውኛል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅ «አያ፣ እዩልኝ» ማለት ጀመረ። በጉዞ ላይ መሣሪያው በማነገቻ በአንድ ትከሻ፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ነው። ወንዝ ሲሻገሩ በሰው እጅ ከፍ ብሎ ይያዛል፤ ምርኩዝ የሚሆነው እንጨት ነው። አፈሙዝ ውስጥ ጭቃ ወይም አሸዋ ገብቶ ሳይጠረግ ቢተኮስ ቧንቧው ሊፈነዳ እንደሚችል አያ ለሁሉም ነገራቸው። መንገድ ላይ እንግዳ ሲያጋጥም ሰላምታውን የሚጀምረው መሣሪያ ያልያዘው ሰው ነው።

በአንድ ነገር ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የባለቤቱ ታላቅ ወንድም፣ በሁለተኛው ጉዞ የተቀላቀላቸው፣ ሌሊት ላይ ክላሹ ጎርሶ ማደር አለበት ባይ ነው፦ ዘራፊ ከመጣ ለማቀባበል ጊዜ የለም፣ ድምፁም ያለህበትን ያሳያል ይላል። አያ ደግሞ ጥይት የሚጎርሰው ሊተኩስ በወሰነ ሰው እጅ ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት አይጎርስም ይላል። እኔ ከአያ ጋር ነኝ። ማቀባበል የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ዘራፊው ከዚያ አፍታ በፊት ከደረሰ ደግሞ ጥፋቱ የእሳቱ፣ የውሻውና የተረኛው ነው እንጂ የባዶው ማጉረሻ አይደለም። ጎርሶ ያደረ መሣሪያ ግን በየሌሊቱ፣ ዘራፊ መጣም አልመጣም፣ አምስት የተኛ ሰው መካከል ነው የሚያድረው። ወንድምየው ይህን ሰምቶ አልተቀበለኝም፤ ክላሹ በስሙ የተመዘገበው ታናሹ ግን የአያን ቃል ይዟል፤ የሚወስነውም እሱ ነው።